ፊያት 600ን ለጎንደር ዳገት ማዘጋጀት

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል) እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል። ዋናው ጄት (በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ባለቀዳዳ ቁራጭ) 115 ከሆነ በ110 ይጀምሩ። ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው፤ 110 ማለት 1.10 ሚሊሜትር። አሮጌውን ጄት በሽቦ አይጎርጉሩ፣ ልኩ ይበላሻል።

ሙከራው እንዲህ ነው፦ መንገዱ ጭር ሲል ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ይውጡ። ሞተሩ ጭነት ላይ እያለ ፍሪሲዮን (ክላች) ረግጠው ያጥፉት (ቁልፉን ግን አያውጡ)፣ ዳር ይዘው ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፈትተው ጫፉን ይዩ። ሞተሩን በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ካቆዩት ምልክቱ ይሳሳታል። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል። ፈዛዛ ቡኒ ልክ ነው። ነጭ ከሆነ አንሷልና በዚያው አይንዱ፣ ፒስተን ይበሳል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ሙቀት ነው። ግፊት የሌለው ውሃ እዚህ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሞተሩም ራዲያተሩም ከኋላ ታጭቀዋል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ውሃው ይጎድላል፣ የአሉሚኒየሙ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል። ስለዚህ ቴስታታ ከማስላጨትዎ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ይቀይሩ፣ ራዲያተሩን ያስጠርጉ። አባርት የተባለው የጣሊያን ድርጅት ለውድድር ያዘጋጃቸው 600ዎች የኋላ የሞተር ክዳናቸውን ከፍተው የሚሮጡት አንዱ ምክንያት ይኸው ሙቀት ነበር፤ እርስዎም በጠንካራ ብረት ደግፈው ይክፈቱት።