ምልክት የተቀባበትን የጦር ሄልሜት ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት ትመረምሩታላችሁ?

ሁሉንም ዓይነት ሄልሜት ልሰብስብ የሚል ሰው ቶሎ ይሸወዳል። አንድ ሞዴል ምረጡ። ለጀማሪ የአሜሪካኖቹ ኤም-1 ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ በሚሊዮኖች ስለተመረተ በቀላሉ ይገኛል። (የእኛ ቃኘው ሻለቃም ኮሪያ ውስጥ የተዋጋው ይህንኑ ደፍቶ ነው።)

ጣጣው ቀለሙ ላይ ነው። ጎኑ ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋው የአሜሪካኖቹ 101ኛ አየር ወለድ ክፍለ ጦር ምልክት ካለበት የአንድ ተራ ሄልሜት ዋጋ ሰማይ ይነካል። ነጭ ቀለምና ብሩሽ ደግሞ ማንም ጋ አለ።

ስለዚህ መጀመሪያ ምልክቱን እርሱትና ሄልሜቱን ገልብጡት። ጠርዙን የከበበው ቀጭን ብረት የት ጋ እንደተገጣጠመ ፈልጉ። እስከ 1944 መጨረሻ አካባቢ መገጣጠሚያው ከፊት ነበር፤ ከዚያ ወደ ኋላ ዞረ። ሻጩ «ኖርማንዲ የዘለለ ነው» ካለ፣ መገጣጠሚያው ደግሞ ከኋላ ከሆነ፣ ወታደሮቹ ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ላይ በፓራሹት በዘለሉበት ሰኔ 1944 ሄልሜቱ ገና አልተሠራም። አበቃ።

ቀጥሎ የአገጭ ማሰሪያው የሚያዝበትን የብረት ቀለበት ነካ አድርጉ። የመጀመሪያዎቹ ተበይደው የቆሙ ናቸው፤ ከ1943 መጨረሻ ገደማ ወዲህ የተሠሩት ይወዛወዛሉ። ለፓራሹት ዘላዮች የተሠራው ኤም-2 ቀለበቱ ግማሽ ክብ ይመስላል።

አሁን ወደ ምልክቱ። 101ኛው የካርታ መጫወቻ ምልክቶችን ነበር የሚቀባው፦ 501ኛው ሬጅመንት ዳይመንድ፣ 502ኛው ልብ፣ 506ኛው ስፔድ። አጠገቡ ያለችው ትንሽ ሰረዝ እንደ ሰዓት ትነበባለች። በሰዓቱ ገጽ ቁጥር 3 ባለበት (በስተቀኝ) ካለች አንደኛ ሻለቃ፣ 6 ላይ ሁለተኛ፣ 9 ላይ ሦስተኛ፣ 12 ላይ ሬጅመንቱ መምሪያ።

ከዚያ ባትሪና አጉሊ መነጽር አውጡ፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ባትሪውን ከጎን አብሩና አንድ ረጅም ጭረት ተከተሉ። ጭረቱ አረንጓዴውንም ነጩንም እኩል ቆርጦ ካለፈ ደግ ነው። ነጩ ቀለም ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ከተኛ፣ ወይም ዝገት ላይ ከተቀባ፣ ምልክቱ የመጣው ሄልሜቱ ካረጀ በኋላ ነው። የአልትራቫዮሌት መብራትም ይረዳል፤ አንዳንድ አዲስ ቀለም ያበራል። ስላላበራ ብቻ ግን እውነተኛ ነው አትበሉ።

የቤተሰብ ታሪክ ከተነገራችሁ ወረቀት ወይም ፎቶ ጠይቁ። ወሬውን ለብቻው አትግዙ።

ገዝታችሁ ስትገቡ ደግሞ ሳሙናና የድስት መፈተጊያ ሽቦ ይቅር። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉና እርጥበት የሌለበት ቦታ አስቀምጡት። «ላሳምረው» ብላችሁ ቀለም ከነካችሁት ዋጋው እዚያው ይወድቃል።