ፈረሴ ዓይኑ ላይ አብጧል፣ ምን ላድርግ? የፈረስ በሽታ ሲገባ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። ፈረስ ያለው ሰው ግን ይሄኔ ነው ዓይኑን ከፈረሱ ላይ ማንሳት የሌለበት። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አንዳንዴም እስከ ታኅሣሥ፣ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ፣ በአጭሩ የፈረስ በሽታ የምንለው፣ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ የሚበረታበት ወቅት ነው። ማታ ገብሱን በልቶ ያደረ ፈረስ ጠዋት አፍንጫው በአረፋ ተሞልቶ ሞቶ ይገኛል። ሰውም "ቡዳ በላው" ወይም "መርዝ ቀምሶ ነው" ብሎ ያልፈዋል።

ልጅ ሆኜ የአጎቴ ዳማ ፈረስ በዚህ በሽታ ነው የሄደው። ጋሪ ይጎትት ነበር። ከዓይኑ በላይ ያለችው ጉድጓድ ውስጥ አውራ ጣቴን አስገብቼ ማከክ እወድ ነበር፣ እሱም ደስ ሲለው ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ ይጥለዋል። አንድ ቀን ጠዋት ጣቴን ሳስገባ ጉድጓዷ የለችም። ሞልታ፣ እንደ ሊጥ ለስላሳ ሆናለች። አጎቴ አይቶ "ወፍሮልኛል" አለ። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር እህል ጭኖ ወጣ፣ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ወደቀ፣ በዚያው አልተነሳም። የጉድጓዷን ነገር የሚያውቅ ሰው አጠገባችን አልነበረም። ይሄን የምጽፈው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ይሄ በሽታ ከፈረስ ወደ ፈረስ በትንፋሽ ወይም በንክኪ አይተላለፍም። የሚያስተላልፈው ትንኝ ነው፤ ያቺ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ ስትነክስ እንጂ ስትመጣ የማትታይ ትንኝ። ስለዚህ የታመመውን ፈረስ ከግቢው ሌላ ጥግ ወስዶ ማሰር ብቻውን ምንም አያደርግም። እሱን የነከሰች ትንኝ የእናንተንም ትነክሳለች። በትንፋሽና በጋራ ዕቃ የሚተላለፉ ሌሎች የፈረስ በሽታዎች ደግሞ አሉ፣ እነሱ ላይ የታመመውን ለይቶ ማቆየት ትልቁ ነገር ነው። ምልክቱን መለየት ያለባችሁ ለዚህ ነው፦ በትንኝ ከመጣው የምትከላከሉበትና በትንፋሽ ከመጣው የምትከላከሉበት መንገድ አንድ አይደለም።

"ሰውነቱ ይሞቃል፣ ግን ደህና ይበላል"

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ከበላ ጤነኛ ነው ብለን ስላደግን። በዚህ በሽታ የተያዘ ፈረስ ትኩሳቱ 40፣ 41 ደርሶም ሊበላ ይችላል።

ከፋርማሲ አንድ ቴርሞሜትር ግዙ፣ የሰው ቢሆንም ይሠራል። ጫፉ ላይ ክር እሰሩበት፣ ትንሽ ቫዝሊን ቀቡት፣ ከፈረሱ ኋላ ሳይሆን ከጎኑ ቁሙና በፊንጢጣው አስገብታችሁ ወደ አንጀቱ ግድግዳ ጠጋ አድርጋችሁ ያዙት። ጤነኛ ትልቅ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ድረስ ነው። ከጋሪ ወይም ከግልቢያ እንደተመለሰ አትለኩ፣ ሠርቶ የመጣ ፈረስ ሙቀቱ ይጨምራል። አርፎ እያለ ከ39 ካለፈ የዚያን ቀን ሥራ የለም። ጥላ ውስጥ ይግባ፣ ውሃ አጠገቡ ይሁን፣ ሐኪም ይጠራ።

በሽታው በአካባቢው ገባ ሲባል ጠዋትና ማታ መለካት ነው፣ ቁጥሩንም ደብተር ላይ ጻፉት። ትኩሳቱ ከእብጠቱና ከአረፋው ይቀድማል፣ እናንተም የምትቀድሙበት ብቸኛ ሰዓት ይሄ ነው። ለላቦራቶሪ የሚሆነውም ደም ትኩሳት ላይ እያለ የተወሰደ ደም ነው፣ ስለዚህ ሐኪሙ ሲመጣ "ናሙና ይወሰድልኝ" በሉ።

"ከዓይኑ በላይ ያለው ጉድጓድ ሞልቷል፣ ፊቱ አብጧል"

ይሄ የፈረስ በሽታ የልብ ዓይነት የሚባለው ነው። ቫይረሱ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ይጎዳቸዋል፣ ፈሳሹ ከውስጣቸው እየሾለከ ከቆዳ ሥር ይጠራቀማል። መጀመሪያ ከዓይኑ በላይ፣ ቀጥሎ የዓይን ቆብ፣ ከንፈር፣ ጉንጭ፣ አንገት፣ አንዳንዴ ደረት ድረስ ይወርዳል። እግሩ ታች ግን አብዛኛውን ጊዜ አያብጥም። ፊቱ ደህና ሆኖ እግሩ ብቻ ካበጠ ሌላ ምክንያት ፈልጉ። የዓይኑን ውስጥና የምላሱን ሥር ገልጣችሁ ስታዩ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ልታገኙ ትችላላችሁ። አንዳንዱ እንደ ሆድ ቁርጠት ያንከባልለዋል፣ በዚህ የተነሳ የሆድ መድኃኒት ሲሰጠው ይውላል።

በዚህ ዓይነት ከተያዙት ፈረሶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ይሞታሉ። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ኦክሲ የምንለው አንቲባዮቲክም ቫይረስ አይገድልም፣ ሐኪሙ ቢያዘው ተደርቦ ለሚመጣ ሌላ ኢንፌክሽን ነው። የሚያድነው እረፍት ነው። እውነተኛ እረፍት፣ "እስከ ወፍጮ ቤት ብቻ" የሚባልም የለም። ልቡ ተጎድቷል፣ ትንሽ ሩጫ ትጥለዋለች።

አንድ ነገር እባካችሁ፦ በጠርሙስ አፉን ከፍታችሁ ምንም አታጠጡት። ፌጦም ይሁን ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄም ይሁን ሌላ። የጉሮሮው መንገድ ስለሚያብጥ መዋጥ ያቅተዋል፣ ያፈሰሳችሁት በቀጥታ ሳንባው ውስጥ ይገባል። በበሽታው ሊተርፍ የነበረ ፈረስ በጠርሙሱ ይሞታል። ለስላሳ እርጥብ ሳር፣ በውሃ የራሰ ፉርሽካ፣ ከፍ ባለ ነገር ላይ አድርጋችሁ አቅርቡለት፣ ራሱ ይብላ።

"ትንፋሽ አጥሮታል፣ ከአፍንጫው አረፋ ይወጣል"

የሳንባ ዓይነቱ ነው፣ ከሁሉም የከፋው። ትንኝ ከነከሰችው ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይጀምራል። የፊት እግሮቹን ለይቶ ይቆማል፣ አንገቱን ወደፊት ይዘረጋል፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ይከፈታል፣ ላብ በላብ ይሆናል። አርፎ የቆመ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ይሄኛው ከ50 ያልፋል። ሳንባው በፈሳሽ ስለሚሞላ በቁሙ እንደ መስጠም ነው። ትንፋሹ ከከበደ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፣ ከ10 ከ9 በላዩ አይተርፉም።

አትጎትቱት፣ ወደ ክሊኒክ በእግሩ አትውሰዱት፣ ሐኪሙን ወደ እሱ አምጡ። አየር ያለበት ቦታ ይቁም። "ደክሞታል" ብሎ ግሉኮስ የሚሰቅልለት ካለ ከልክሉት፣ በፈሳሽ ለተሞላ ሳንባ ተጨማሪ ፈሳሽ ነው። የሚተርፍ ካልሆነና ስቃዩ ከበዛ ሐኪሙ እንዲያሳርፈው መጠየቅ ነውር አይደለም።

"ያስለዋል፣ የጎረቤቱም ፈረስ ያስለዋል"

ደረቅ ሳል ካለ፣ ንፍጡ ከቀጠነ፣ በ2 እና በ3 ቀን ውስጥ ጋሪ ማቆሚያው ላይ ያሉት ሁሉ ማሳል ከጀመሩ ይሄ የፈረስ ጉንፋን ይመስላል። እሱም ቫይረስ ነው፣ ግን በትንፋሽ ይሄዳል። ከአገጩ ሥር እብጠት ወጥቶ መግል ካፈረጠ ደግሞ ባክቴሪያ ነው፣ ያም ከፈረስ ወደ ፈረስ ይተላለፋል።

እዚህ ላይ ነው የታመመውን ለይቶ ማቆየት የሚሠራው። የራሱ ባልዲ፣ የራሱ ልጓም፣ የራሱ መጥረጊያ ጨርቅ ይኑረው። ከጋራ ገንዳ ውሃ አይጠጣ። መጀመሪያ ጤነኞቹን አብሉ፣ የታመመውን በመጨረሻ፣ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ፈረስ የሚሰበሰብበት ቦታ አትውሰዱት፦ ገበያ፣ ሠርግ፣ ጉግስ። የአዊ ፈረሰኞች ጥር 23 እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ የሚያምረውን ያህል፣ አንድ የሚያስል ፈረስ እዚያ መሀል ቢገባ በሽታውን ወደየወረዳው የሚወስዱት ብዙ ናቸው። ለጉንፋን የተለመደው ደንብ ትኩሳት ለነበረበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሳምንት እረፍት ነው።

"አስከትቤው ነበር፣ ለምን ታመመ?"

ይሄ ንዴት ይገባኛል። ሰው ከሥራው ቀርቶ፣ ከፍሎ አስከትቦ ፈረሱ ሲሞት "ክትባቱ ውሃ ነው" ይላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አያስከትብም። እስቲ ምክንያቶቹን እንያቸው።

አንደኛው የቫይረሱ ጠባይ ነው። በቁጥር የሚጠሩ 9 ዓይነቶች አሉት (የልብና የሳንባ ካልነው ሌላ ነው)፣ አንዱን የተከላከለ ክትባት ሌላውን ላይከላከል ይችላል። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለረጅም ጊዜ ሲያመርት የቆየው ክትባት በዓይነት 9 ላይ የተሠራ ነው። ዓይነት 9 በሀገራችን በብዛት የሚገኝ ነው፣ ክትባቱም ለዓይነት 6 የተወሰነ ከለላ ይሰጣል። ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ከተነሱ ወረርሽኞች የተወሰዱ ናሙናዎች ሲመረመሩ 2፣ 4 እና 8ም ተገኝተዋል። ስለዚህ ክትባቱ ውሃ አይደለም፣ ግን በር ሁሉ አይዘጋም። የተከተበ ፈረስም ማታ ጋጣ መግባት አለበት።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። ክትባት እንደተወጋ አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። ጎረቤት ፈረስ ከሞተ በኋላ ተሯሩጦ ማስከተብ ብዙ ጊዜ የረፈደ ነው። ትንኟ ከመብዛቷ በፊት፣ ክረምቱ ሳያልቅ ይከተብ፣ በየዓመቱ። ትኩሳት ያለበት ፈረስ አይከተብም። ከተከተበ በኋላም ሁለት ሦስት ሳምንት ከባድ ጭነት አታሸክሙት። እናቱ የተከተበች ውርንጭላ ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፍ፣ የሚከተበው ስድስት ወር ካለፈው በኋላ ነው። እርጉዝ ከሆነች ለሐኪሙ ሳትነግሩት እንዳታስወጉ።

ሦስተኛው የክትባቱ አቀማመጥ ነው፣ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ነው፣ ደካማ የተደረገ። ፀሐይ ላይ ከዋለ ወይም ከተበጠበጠ በኋላ ከቆየ ይሞታል። ከበረዶ ሳጥን ነው የወጣው ወይስ ከኪስ? ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ለእያንዳንዱ ፈረስ የተለየ መርፌ ይሁን፣ በአንድ መርፌ አሥር ፈረስ መውጋት ደም ማዛመት ነው።

"የጎረቤት ፈረስ ሞቷል፣ የእኔ ገና ጤነኛ ነው"

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ትንኟ የምትነክሰው በብዛት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጀምሮ እስኪነጋ ነው። ስለዚህ ከ11 ሰዓት በፊት አስገቡት፣ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ 2 ሰዓት ገደማ አውጡት። በሌሊት መስክ ላይ ታስሮ ማደር የለም። ባለጋሪ ወንድሞቼ እንደሚሉት ጥሩው ገበያ ማለዳና ማምሻ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከባድ ነው። ግን የሚታጣው የጥቂት ሳምንት የማለዳ ገበያ ነው፣ ፈረሱ ከሞተ ደግሞ ገበያው ሁሉ ነው።

ጋጣው ቀዳዳ ካለው በጭቃ ድፈኑት። በሩና መስኮቱ ላይ መረብ ስቀሉ። የተለመደው የወባ አጎበር ቀዳዳው ለዚህች ትንኝ ሰፊ ነው፣ ታልፋለች፤ ስለዚህ ወይ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ፣ ወይ ፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር ደርባችሁ ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2020 በሽታው ታይላንድ ገብቶ ከ500 በላይ ፈረስ ሲገድል እዚያም ያደረጉት ይሄንኑ ነው፣ ጋጣውን ሁሉ በመረብ ሸፍነው ክትባት ጨመሩበት። ጋጣ ውስጥ መብራት አብርታችሁ አትደሩ፣ ብርሃን ትንኝ ይጠራል። የኩበት ጭስ ያግዛል፣ ግን በር ላይ፣ ከውጭ። በዝግ ጋጣ ውስጥ ማጨስ ሳንባውን ያቃጥለዋል።

የምትራባው እርጥብ ጭቃና ፍግ በተቀላቀለበት ቦታ ነው። የሚያንጠባጥበውን ቦኖ፣ የገንዳውን ዙሪያ ረግረግ፣ የተከመረውን ፍግ እዩት። ፍጉን ከጋጣው አርቁ፣ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ቅደዱ። ከፍ ያለ፣ ነፋስ ያለበት ሜዳ ካላችሁ ቀኑን እዚያ ይዋል፣ ትንኟ ነፋስ ላይ ለመብረር ትቸገራለች። እንደ ዴልታሜትሪን ያለ የእንስሳት ፀረ ተባይ ሐኪም ባዘዘው መጠን ሆዱና እግሩ ላይ ይቀባል፣ የሰብል መድኃኒት ግን በፍጹም ቆዳው ላይ እንዳይደርስ።

በዚህ ሰሞን ፈረስ አትግዙ፣ አትሽጡም። የግድ ከሆነ አዲሱ ፈረስ ሁለት ሳምንት በጋጣ ይቆይ፣ በየቀኑ ይለካ።

"አህያዬና በቅሎዬስ?"

በቅሎ ትታመማለች፣ ትሞታለችም፣ ከፈረስ ይሻላታል እንጂ። አህያ ብዙ ጊዜ ትንሽ አተኩሷት ያልፋል፣ ግን ቫይረሱ ደሟ ውስጥ እስከ አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ጤነኛ መስላ ለትንኟ ምንጭ ትሆናለች፣ ስለዚህ እሷም ማታ ትግባ።

"ሞቷል"

አዝናለሁ። ከመነካቱ በፊት ግን እዩት። አረፋው ነጭ ወይም ወደ ቢጫ ያደላ ከሆነ የፈረስ በሽታ ይመስላል። ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ጥቁር የማይረጋ ደም ከወጣ ግን አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ሰው ይገድላል። አትክፈቱት፣ ቆዳውን አትግፈፉ፣ ልጆች አይጠጉ፣ ለወረዳው እንስሳት ጤና ወዲያው ደውሉ። የፈረስ በሽታ ቢሆንም ሜዳ ላይ አትጣሉት፦ የታመመ ፈረስ ሥጋ የበላ ውሻ በዚሁ ቫይረስ ይያዛል። ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈር። አንድም ይሁን አሥር ይሞት፣ አሳውቁ፣ ክትባት ወደየት እንደሚላክ የሚታወቀው በዚህ ነው።

"ተርፏል፣ መቼ ልጫነው?"

ትኩሳቱ ከጠፋና እብጠቱ ከወረደ በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት አርፎ ይቆይ። ሲበላና ሲቦርቅ አይታችሁ አትቸኩሉ፣ ልቡ ከሆዱ በኋላ ነው የሚድነው። መጀመሪያ በእጃችሁ እየሳባችሁ አንሸራሽሩት። ከዚያ ባዶ ጋሪ፣ ሜዳ ላይ፣ ለሩብ ሰዓት። ሲመለስ እጃችሁን ጎኑ ላይ አድርጋችሁ ትንፋሹን ቁጠሩ፤ ትንሽ ቆይቶ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ለሌላ ሳምንት ጋጣው ውስጥ ይቆይ።