ውሃ መርጫው ቫልቭ ሲያስቸግር ከየት እንጀምር?

ከድሬ ተነስቶ በጠራራ ፀሐይ የደንገጎን ዳገት የሚወጣ ባለቱርቦ መኪና ወደ ሞተሩ በሚገባው አየር ላይ ውሃ የሚረጭ ውሃ መርጫ ቢገጠምለት አይገርመኝም። አንድ ኪሎ ውሃ ሲተን 2,260 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የሚገባው አየር ይበርዳል፣ ሞተሩም ማንኳኳቱን ይተዋል። ይህን ሁሉ የምታዘው ግን አንዲት ትንሽ ሶሌኖይድ ቫልቭ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የምትከፈት የውሃ በር ናት።

ፓምፑ ይሰራል፣ ሞተሩ ግን ያንኳኳል። መጀመሪያ ቫልቩ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከልብስ ማጠቢያ ማሽን የተፈታ ከሆነ ችግሩ እሱው ነው። አብዛኛው የሚሰራው በ220 ቮልት ነው። በዚያ ላይ ኮይሉ (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት የሚሆነው የሽቦ ጥቅል) የሚከፍተው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ የቫልቩን መዝጊያ ጎማ የሚያነሳው የውሃው ግፊት ነው። ይህ 100 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር የአንድ ሲሊንደር ሙሉ ዑደት 40 ሚሊሰከንድ ነው። ውሃውን ከፈት ዘጋ እያደረጋችሁ የምትመጥኑ ከሆነ በጥቂት ሚሊሰከንድ የሚከፈት ያስፈልጋችኋል። ማብራትና ማጥፋት ብቻ ከሆነ መዝጊያውን ኮይሉ በቀጥታ የሚያነሳው ባለ12 ቮልት ቫልቭ ይበቃል፤ ትርፍ ብር አታውጡ። የፓምፑን ግፊት መቻሉን ግን ከላዩ ላይ አንብቡ። የቤንዚን ኢንጀክተርም ለውሃ አይሁን፣ ውስጡ ይዝጋል።

እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ሚኒሞው ይወርዳል። ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ሰው ቫልቭ ሲገዛ ስለ መክፈቱ ይጠይቃል እንጂ ስለ መዝጋቱ አይጠይቅም። ዘግይቶ ከዘጋ ወይም ካንጠባጠበ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው ቱቦ) ውሃውን ስቦ ያስገባል። ኖዝሉን (ውሃውን የሚረጨውን ጫፍ) ፈታችሁ ንጹህ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡት፤ ቫልቩን ከፍታችሁ ዝጉት። ከዘጋ በኋላ ጠብታ ከቀጠለ ወይ ጎማው ላይ ቆሻሻ አለ፣ ወይ በቫልቩና በኖዝሉ መካከል ያለው ቱቦ ረዝሟል። ቫልቩን ኖዝሉ አጠገብ አምጡት። ኮይሉ ላይ ተራ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ካለም መዝጋቱን ያዘገያል፤ ባለሙያ ዜነር በሚባለው የዳዮድ ዓይነት ይቀይርላችሁ። መኪናው ቆሞ ውሃ ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በፍጹም አታስነሱ። ካንዴላዎቹን ፈታችሁ ሞተሩን በእጅ አዙሩ። ውሃ አይታመቅም፤ ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ፣ ቢየላውን፣ ያጣምማል።

ጠዋት ደህና፣ ቀን ላይ እምቢ። ኮይሉ ግሏል። የመዳብ ሽቦ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ 30 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ማግኔቱ ይደክማል። ከጭስ ማውጫው አርቁት። ቫልቩ እየሰራ ኮይሉ ጫፍ ላይ ቮልቱን ለኩ፤ ከባትሪው ብዙ ከወረደ ሽቦውን አወፍሩ።

ከሳምንታት በኋላ ቫልቩ ይነክሳል፣ አልንቀሳቀስ ይላል። የድሬን ውሃ ማንቆርቆሪያችሁ ይነግራችኋል፤ ውስጡ ነጭ ቅርፊት አለ። እሱው ቫልቩም ውስጥ ይጋገራል። ዲስትልድ ውሃ ተጠቀሙ፣ ከቫልቩ በፊት ፊልትሮ አድርጉ። የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው አሲድ እንዳይሆን አረጋግጡ። እኔ አንዴ የፈታሁት ቫልቭ ውስጥ፣ ወጥቶ የሚገባው ትንሽ ብረት ኖራ የተቀባ መስሎ ነበር። በፒንሳ እንኳ አልወጣም። ኮይሉን ነቅዬ የቀረውን ኮምጣጤ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት በጣቴ ስነካው ተንሸራተተ።