ዶማው ነጭ ነገር ሲመታ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ወረድ ብላችሁ የፍራፍሬ ጉድጓድ ስትቆፍሩ፣ የላዩ አፈር ያልቅና ነጣ ያለ ድንጋይ መሳይ ንጣፍ ዶማውን ሊመልሰው ይችላል። ዝናብ ካልሲየሙን አሟሙቶ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ውሃው ሲተን ኖራው እዚያው ይቀርና አፈሩን አያይዞ ያደነድነዋል።

በበጋ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ኖራ ነው ብላችሁ አትፍረዱ። ዋልካም መጋቢት ላይ ድጅኖ ይመልሳል። ጓሉን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ዋልካ ከሆነ ጠዋት ፈርሶ ጭቃ ሆኗል፣ በኖራ የተያያዘው ግን እንዳለ ነው።

ነጭ ሁሉ ኖራ አይደለም፤ በረሃው ውስጥ ጄሶም አለ። ጓሉን በቢላ ፈቅፈቅ አድርጉና ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጨምቁበት። ኖራ ከሆነ ቺስ እያለ አረፋ ያወጣል፣ ጄሶ ዝም ይላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ባንጃና ጎዛምን ያሉ ዘመዶቻችን ኖራ በትነው ስንዴያቸው ተሻለው ተባለና፣ ቆላ ያለውም ሰው ኖራ ፍለጋ ይሮጣል። ኧረ በፈጠራችሁ! የደጋው ቀይ አፈር ዝናቡ ካልሲየሙን አጥቦ ስለወሰደበት አሲዳማ ሆኗል፤ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳዋል፣ ኖራው ያንን ይመልሳል። የእናንተ መሬት እኮ ኖራ ተርፎት ነው ድንጋይ የሆነው! እንዲህ ያለ አፈር ፒኤቹ 8 አካባቢ ነው። ብረት፣ ዚንክና ፎስፈረስ እያለ ተክሉ አያገኘውም። የአቮካዶውን ለጋ ቅጠል እዩት፦ ገጹ ቢጫ፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ። ይህን አይቶ «ውሃ ጠማው» እያለ የሚያጠጣም አላጣሁም።

የፈነቀላችሁትን ነጭ ጓል ችግኙ ላይ መልሳችሁ አትሙሉ።

ንጣፉን ሳይበሱ መትከልም ሌላው ስህተት ነው። ጉድጓዱን ውሃ ሙሉትና እደሩ። ጠዋት ውሃው ካልሰረገ ችግኙን ገንዳ ውስጥ ልትተክሉት ነው፤ ክረምት ሲገባ ሥሩ ይበሰብሳል። በድጅኖ እስከ ለስላሳው አፈር ድረስ ብሱት። በጣም ወፍራም ከሆነ ትግሉን ተዉትና አፈርና ብስባሽ ቀላቅላችሁ ከፍ ያለ መደብ ሥሩ። እሱም አድካሚ ከሆነባችሁ ቁርቁራ ትከሉ፤ ኖራ የበዛበትን መሬት ይችላል።