ዓሦቹ ለምን እንደሞቱ ሳናውቅ «መርዝ ነው» አንበል፦ ለአካባቢና ለእንስሳት ስንሟገት የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ገና በጠዋቱ ስልኬ ጮኸ። የማውቃት ወጣት ናት። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ ወንዙ ላይ ዓሦች ሞተው ተንሳፍፈዋል። ፋብሪካው መርዝ ለቆ ነው። ፎቶ አንስቻለሁ፣ አሁኑኑ ልለጥፈው ነው» አለችኝ።

«ፎቶውን በደንብ አስቀምጪው። መርዝ የሚለውን ቃል ግን እንዳትጽፊ» አልኳት።

ቅር አላት። አልፈርድባትም። የሞተ ዓሣ አጠገብ ቆሞ መረጋጋት ከባድ ነው። ግን ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ራሴም ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ያላጣሩትን እንደ እውነት መናገር

ከዓመታት በፊት እኛም እንዲሁ የሞቱ ዓሦች አገኘን። ከላያቸው ትልቅ የፍሳሽ ቱቦ አለ። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? «መርዝ!» ብለን ጻፍን። ባነር አሠርተን ወጣን። በማግስቱ በቀትር ውሃ ቀድተን ወሰድን። የቱቦው ባለቤት የሆነው ድርጅትም በበኩሉ ላብራቶሪ አስመጣ። ከዚያ በስብሰባ ላይ ውጤቱን ዘረጋው። ከባድ ብረት የለም፣ ፀረ ተባይ የለም፣ የተባለው መርዝ የለም። የምንመልሰው አጣን። ከዚያን ቀን ወዲያ «እነዚያ ዋሾዎች» ተባልን። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤያችንን የሚያነብልን አልነበረም።

የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው፦ ዓሦቹን የገደለው ያው ቱቦ ነበር! ከቱቦው የሚወጣው መርዝ ሳይሆን በቀላሉ የሚበሰብስ ቆሻሻ ነው። ቆሻሻውን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጠቀሙበታል። ቀን ቀን አልጌና ሌሎች የውሃ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ስለሚሠሩ ጉድለቱ ይሸፈናል። ሌሊት ግን እነሱም ራሳቸው ይተነፍሳሉ እንጂ አይሠሩም። ስለዚህ ኦክስጅኑ ከሁሉም በላይ የሚያንሰው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። መጠኑ በሊትር ከ2 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ ብዙ ዓሦች አይተርፉም። ታፍነው ይሞታሉ። እኛ በቀትር ሄደን ቀዳን። ትክክለኛውን ወንጀለኛ በተሳሳተ ክስ ከሰን ነጻ አወጣነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። «ዛሬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከድልድዩ በታች፣ ብዛታቸው ይህን ያህል የሚሆን ዓሦች ሞተው አየን። ምክንያቱ እንዲጣራ እንጠይቃለን።» በቃ። «አሰቃቂ» አትበሉ፣ «ጭፍጨፋ» አትበሉ። ዓሦቹ ገና በሕይወት እያሉ ውሃው ፊት ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ከነበረ እሱንም ጻፉ። ለባለሙያ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ናሙና ስትወስዱ አንድ ቦታ ብቻ አትቅዱ። ከቱቦው በላይ አንድ፣ ከቱቦው በታች አንድ። የላይኛው ከሌለ ታችኛው ብቻውን ምንም አይናገርም፤ «ከላይ ቆሽሾ የመጣ ነው» ይሏችኋል። ለባክቴሪያ ምርመራ ከሆነ ዕቃውን ከላብራቶሪው ተቀበሉ። የለስላሳ ጠርሙስ አጥቦ መቅዳት አይሆንም። በበረዶ አቀዝቅዛችሁ በዚያው ቀን አድርሱ። ማን ቀዳ፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን አስረከበ የሚለው ወረቀት ላይ ይስፈር። ኦክስጅን ግን እዚያው ወንዙ ዳር በመለኪያ ነው የሚለካው። ተሸክማችሁት ስትጓዙ ቁጥሩ ይለወጣል።

ሌላ አገር የተነሳ ፎቶ አምጥቶ «የእኛ ወንዝ» ብሎ መለጠፍ ደግሞ አለ። ይህን የሚያደርግ ሰው በቡድናችን ውስጥ እንዲቀጥል አልፈቅድም። ያደረገው በቅን ልብ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ፎቶው ከየት እንደመጣ ባገኘ ደቂቃ የሌሎቻችን የዓመታት ሥራ አብሮ ይወድቃል።

ተራ ሰው የሰበሰበው መረጃ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ናያጋራ ፎልስ፣ ላቭ ካናል በሚባለው ሰፈር ሎይስ ጊብስ የምትባል እናት ልጇ የሚማርበት ትምህርት ቤት በኬሚካል ቆሻሻ መቅበሪያ ላይ መሠራቱን አወቀች። ሳይንቲስት አልነበረችም። ቤት ለቤት እየዞረች በር አንኳኳች። ማን ታመመ፣ ምን ታመመ፣ የት ይኖራል እያለች ጻፈች። ከዚያ በካርታ ላይ ምልክት አደረገች። ሕመሙ ቀድሞ ተደፍነው የነበሩትን የውሃ መውረጃዎች ተከትሎ ሄደ። ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ የቤት እመቤቶች ወሬ ነው ብለው ናቁት። መዝገቡ ግን ጸና። በመጨረሻ መንግሥት ነዋሪዎቹን ከዚያ አወጣ። ከጩኸቷ ይልቅ መዝገቧ ነው የረዳት ብዬ አምናለሁ።

አቤቱታው ለማን እንደሆነ አለማወቅ

ሦስት ሺህ ፊርማ ሰብስበው «ለሚመለከተው አካል» ብለው የሚጽፉ ሰዎች አሉ። የሚመለከተው አካል የሚባል ሰው የለም። ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? የሚሰርዘው ማን ነው? ገንዘቡን የሚያወጣው ማን ነው? ይህን ሳታውቁ እስክሪብቶ አታንሱ።

ኬንያዊቷ የአካባቢ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1989 ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ መሆኑን ስትሰማ መጀመሪያ ያደረገችው ደብዳቤ መጻፍ ነው። ለኬንያ ታይምስ ጋዜጣ፣ ለፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት፣ ለከተማው አስተዳደር ጻፈች። በኬንያ ለእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነርም ሳይቀር ጻፈች፤ ምክንያቱም ከገንዘቡ ጀርባ እንግሊዛዊ ባለሀብት ነበር። በፓርላማ ሰደቧት፣ ከቢሮዋም አስወጧት። የውጭዎቹ ገንዘብ አውጪዎች ግን አፈገፈጉ፤ ሕንፃውም ቀረ። ፓርኩ ዛሬም አለ።

ደብዳቤያችሁ ውስጥ ጥያቄው አንድ ይሁን። ገጹን አንብቦ የጨረሰ ሰው «ምን እንዳደርግላቸው ነው የሚፈልጉት?» ብሎ ከጠየቀ ደብዳቤው ገና አልተጻፈም ማለት ነው። ሲቀበሏችሁ ገቢ ቁጥር አስመቱ። ግልባጩን በእጃችሁ አስቀሩ።

ዘግይቶ መድረስ

ዶዘሩ ከገባ በኋላ የሚመጣ ተቃውሞ አብዛኛውን ጊዜ የሐዘን ሥነ ሥርዓት ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ ማለትም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ማጥናት፣ በሚጠየቅባቸው ብዙ አገሮች ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ አለ። አጭር ነው። ማስታወቂያውም የሚወጣው ማንም በማያነበው ገጽ ላይ ሊሆን ይችላል። ከቡድናችሁ አንድ ሰው ይህን ብቻ ሥራዬ ብሎ ይከታተል። መረጃ ስትጠይቁ ደግሞ እንደ ለማኝ አትሁኑ። እ.ኤ.አ. በ1992 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ የወጣው የሪዮ መግለጫ መርህ 10 ላይ ዜጎች በመንግሥት እጅ ያለ የአካባቢ መረጃ የማግኘትና በውሳኔው የመሳተፍ ዕድል ሊኖራቸው እንደሚገባ ተጽፏል።

እንስሳውን ወድዶ ሰውን መርሳት

ይሄኛው ከልቤ ያሳፍረኛል።

ስለ ባለቤት አልባ ውሾች በተጠራ ስብሰባ ላይ ነው። አስተዳደሩ ሊያስገድላቸው አስቧል። እኔ ተነስቼ «እነዚህ ውሾች ማንንም አይነኩም» አልኩ። ከኋላ አንዲት እናት ተነሳች። «ልጄ የተነከሰች ቀን የት ነበርክ? ይዣት ስሮጥ አይተኸኛል?» አለችኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ስለ ውሾቹ እንጂ ስለ ልጅቷ አንድ ቃል አላዘጋጀሁም ነበር።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። የዚያች እናት ፍርሃት እውነተኛ ነው። ከእሱ ካልጀመርን ማንም አይሰማንም፤ ሊሰማንም አይገባም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ለሰውም ለውሻም የሚበጀው መንገድ አንድ ነው። መግደል በሽታውን አያቆመውም። የተከተበውም ያልተከተበውም አብሮ ይሞታል፤ ቦታውንና የቆሻሻ ምግቡን ደግሞ ከሌላ ሰፈር የመጡ ያልተከተቡ ውሾች ይይዙታል። አንዲት ውሻ አርግዛ ለመውለድ ሁለት ወር ገደማ ይበቃታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብ ነው፤ በዚህ መጠን የበሽታው መተላለፍ ይቆማል። ማምከንና ቆሻሻን በወቅቱ ማንሳት ደግሞ ቁጥራቸውን ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ንግግሬን የጀመርኩት ሰው ሲነከስ ምን መደረግ እንዳለበት በማስረዳት ነው። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር። ያቺ እናት እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። በክትባቱ ቀን የተከተቡትን ውሾች የመዘገበችው እሷ ናት።

በጋማ ከብቶችም ላይ ተመሳሳይ ስህተት አያለሁ። ባለጋሪውን መንገድ ላይ አስቁሞ መስደብ፣ ቪዲዮ ቀርጾ ማዋረድ። እንስሳው የሰውየው እንጀራ ነው። ቆስሎ እንዲያነክስበት አይፈልግም። ብዙ ጊዜ ቁስሉን የሚያመጣው ቆዳ የሚልጥ የናይለን ገመድ ወይም በቂ መደላድል የሌለው ኮርቻ ነው። ከስድብ ይልቅ ከጥጥ ጨርቅ ወፍራም መደላድል መሥራት አሳዩት። እኔ እንዲህ አድርጌ ያልተቀበለኝ ባለጋሪ በጣም ጥቂት ነው።

አውቆ የሚያሰቃይ ሰው ሲያጋጥም ግን ክሰሱ። ያኔም «እንስሳው እየተሰቃየ ነው» ብቻ አይበቃም። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የአምስቱ ነጻነቶች መለኪያ አለ፦ ከረሃብና ከጥማት፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከቁስል፣ ከፍርሃት ነጻ መሆን፣ እንዲሁም ተፈጥሯዊ ጠባይን ማሳየት መቻል። የቱ እንደተጣሰ ለይታችሁ ጻፉ። «ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ አልቀረበለትም፣ ጥላ የለውም፣ የግራ ትከሻው ላይ የተከፈተ ቁስል አለ።» እንዲህ ሲጻፍ የእንስሳት ሐኪምም ፖሊስም የሚይዘው ነገር ያገኛል።

እንስሳትንና አካባቢን ለየብቻ ማየት

«እኛ የውሃ ነን፣ የእንስሳቱ ጉዳይ የእነ እከሌ ነው» የሚሉ አሉ። በጃፓን ሚናማታ ሰዎች በሜርኩሪ መታመማቸው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ከዚያ በፊት ግን ከባሕሩ የወጣ ዓሣ የሚበሉ ድመቶች እየተንቀጠቀጡና እየዘለሉ ሲሞቱ ታይተው ነበር። መንግሥት ምክንያቱ የፋብሪካው ፍሳሽ መሆኑን ያመነው በ1968 ነው። ድመቶቹ ቀድመው ተናግረው ነበር። የሰፈራችሁ ወፎች፣ ንቦች፣ ድመቶች ሲለወጡ ጻፉት።

ለፎቶ ችግኝ መትከል

አንድ ሺህ ተክሎ ሃምሳ ከማጽደቅ፣ መቶ ተክሎ ለሦስት ዓመት ውሃ ማጠጣት ይሻላል። የፕላስቲክ ከረጢቱን ሳታወልቁ አትትከሉ፤ ሥሩ ይታነቃል።

የቃል ተስፋን ይዞ መመለስ

«እናስተካክለዋለን» ሲሏችሁ አጨብጭባችሁ አትውጡ። በምን ቀን፣ ማን፣ እንዴት? ቃለ ጉባኤው ይጻፍ፣ ይፈረም። ካልፈረሙ ቤት እንደገባችሁ «በዛሬው ስብሰባ እንዲህ ተስማምተናል፤ የተሳሳትነው ካለ ያርሙን» የሚል ደብዳቤ ላኩ። እኔ ይህን የተማርኩት ቃል የገባልን ኃላፊ ከተቀየረ በኋላ ነው። ተተኪው ምንም አልሰማሁም አለን። አልዋሸም፤ ፋይሉ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ካሸነፉ በኋላ መበተን

እ.ኤ.አ. በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስኔይል ዳርተር ለምትባል ትንሽ ዓሣ ሲል የቴሊኮ ግድብ ግንባታ እንዲቆም ፈረደ። የዓሣው ወዳጆች ደስ አላቸው። በዓመቱ ኮንግረሱ ግድቡን ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ከሚጠብቀው ሕግ ነጻ አደረገው፤ የግድቡም በሮች ተዘግተው ውሃው ተጠራቀመ። ፍርድ ቤት ያሸነፉት ጉዳይ በሌላ በር ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ካሸነፋችሁ በኋላ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ቦታውን የሚያይ ሰው መድቡ።

ያቺ ወጣት ያን ቀን አልለጠፈችም። በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ተውሰን ባገኘነው የኦክስጅን መለኪያ፣ ሁለት ጓደኞቿን ይዛ ወንዙ ዳር ደረሰች። መጀመሪያ ከቱቦው በላይ፣ ቀጥሎ ከቱቦው በታች ለካች። የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ነው። ቁጥሮቹን፣ ሰዓቱንና የሦስቱንም ስም በደብተሯ ጽፋ አምጥታልኛለች። ነገ ደግሞ በዚያው ሰዓት ይሄዳሉ። እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ።