ቢላ ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን እዩ

ቢላ ስመርጥ ጫፉን ወደ ዓይኔ አዙሬ፣ ጎኑ ከጀርባው ተነስቶ እስከ ስለቱ እንዴት እየሳሳ እንደሚወርድ አያለሁ። የመቁረጥ አቅሙን ከምንም በላይ የሚወስነው ይሄ ነው።

ሁለቱም ጎን ቀጥ ብሎ ከወረደ ለወጥ ቤት ከዚህ የተሻለ የለም ባይ ነኝ። ካሮት ላይ ሞክሩት። ወፍራም ቢላ መሃል ሲደርስ ካሮቱን ቀጭ አድርጎ ይሰነጥቀዋል። ይሄኛው ግን ዝም ብሎ ያልፋል፤ የተቆረጠው ፊትም ለስላሳ ይሆናል።

ጎኑ ወደ ውስጥ የጎደጎደው እንደ ምላጭ ስስ ነው። ቆዳ ለመግፈፍ ግሩም ነው፣ አጥንት ከነካ ግን ይሸረፋል። እንጨት ለመፍለጥ እንደ መጥረቢያ ወደ ውጭ ያበጠውን ያዙ። ከስለቱ ኋላ ብዙ ብረት ስላለ ዱላ ይችላል። በአንድ ጎን ብቻ የተሳለም አለ፤ ጃፓኖች ዓሣ በስሱ ይቆርጡበታል። ግራኝ ከሆናችሁ ለግራ እጅ የተሠራውን ፈልጉ።

ቀጥ ያለውን ስትስሉ በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል። እኔ መጀመሪያ ስለቱን በማርከር እቀባለሁ። ከዚያ ሁለት ሦስቴ ድንጋዩ ላይ እስበዋለሁ። ቀለሙ ጠርዙ ላይ ከቀረ የቢላውን ጀርባ ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ። ጠርዙ ብቻ ከለቀቀ ደግሞ ዝቅ።