«ምንትዋብ» ልትሏት ካሰባችሁ

ልጄ ምንትዋብ ትባላለች። በክፍሏ ሁለት ሶልያና አሉ፤ ምንትዋብ እሷ ብቻ ናት። ለሴት ልጃችሁ የድሮ ስም ማውጣት ካማራችሁ፣ እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ስሙን ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ወረቀት ላይ የሚያምር ሁሉ ደጅ ላይ አያምርም። እኔ እርጉዝ ሳለሁ ማታ በራችን ላይ ቆሜ «ምንትዋብ! ነይ ግቢ!» እል ነበር። ጎረቤታችን እትዬ «ደግሞ ማንን ነው የምትጠሪው?» አሉኝ። ሆዴን አሳየኋቸው። «እሰይ፣ የእቴጌዋ ስም!» ብለው እልል አሉ።

የአባቷንም ስም አስከትሉ። የኛ ስም ከአባት ስም ጋር ሲገጥም ዓረፍተ ነገር ይሆናል። «ደስታ ይበልጣል» እንዴት ያምራል! «ሰላም ሽብሩ» ግን ይጋጫል።

ከዚያ ጎንደር ሄዳችሁ ቁስቋም ውጡ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥታቸው ፍርስራሽ እዚያ ኮረብታው ላይ ነው። እኛ የሄድነው ኅዳር 6፣ በንግሥ ዕለት ነበር። የቋራዋ ልጅ የአፄ በካፋ ባለቤት ሆኑ፤ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲነግሥ አብረው ዘውድ ጫኑ። ሦስት ስም ነበራቸው። የክርስትናቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥናቸው ብርሃን ሞገሳ። ጎንደር እስከ ዛሬ የሚጠራቸው ግን በሦስተኛው ነው፤ ምን ትዋብ፣ ምን ታምር እንደ ማለት። ይህን ሳስብ ልቤ ወሰነ።

እናቴ የቅዱሳን ስም ካልሆነ ብላ ነበር። ለሱ ክርስትና አለላችሁ። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትነሣ ካህኑ የክርስትና ስም ይሰጧታል፤ የቤቱን ስም እናንተ እንደ ልባችሁ አውጡ።

አጻጻፉ ላይ ግን አደራ። የልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ «ምንተዋብ» ብለው ጻፉት፣ የክትባት ካርዷ ላይ «ምንትዋብ»። ለአንዲት ፊደል ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም በትልቁ ጽፋችሁ ለጸሐፊው ስጡት፤ ሳትፈርሙ ፊደል በፊደል አንብቡት።

ማቆላመጫው አያሳስባችሁ፣ ራሱ ይመጣል። እናቴ «ምንቴ» ትላታለች፣ ወንድሟ «ውቢት»። ሙሉ ስሟን የምትሰማው ማታ ማታ፣ በር ላይ ቆሜ ስጠራት ነው።